«የጉሮሮ ቻክራሽ ተዘግቷል» ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

«ሰላም እትዬ። ጽሑፍዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። 36 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ለቅሶው ላይ እንግዳ ሳስተናግድ እኔ በወጉ አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ጤና የለኝም። ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር የተሰነቀረ ይመስለኛል። ይደክመኛል፣ ብርድ አልችልም፣ ፀጉሬ ይነቃቀላል፣ ሳልበላ እወፍራለሁ። ጓደኛዬ ዮጋ ወሰደችኝና ደስ አለኝ። እዚያ ያገኘኋት አንዲት ሴት ‹ሂለር (ፈዋሽ) ነኝ› አለችኝና በክር የታሰረ ድንጋይ ሰውነቴ ላይ አንጠልጥላ መረመረችኝ። የጉሮሮ ቻክራዬ ተዘግቷል፣ የልቤ ደግሞ ‹ያፈሳል› አለች። ሰባት ጊዜ መምጣት አለብሽ ተብዬ የሦስቱን ከፍያለሁ፤ የአንዱ 3,500 ብር ነው። ሰባት ዓይነት ድንጋይም ሸጠችልኝ። ሌሊት ውሃ ውስጥ እያሳደርኩ ጠዋት ውሃውን እጠጣለሁ። ላቁም ስላት ‹ግማሽ ተከፍቶ ከቀረ ይጎዳሻል› አለችኝ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ቻክራ የሚባል ነገር እውነት አለ? ሚዛኑስ እንዴት ነው የሚጠበቀው? የንስሐ አባቴንስ ምን ልበላቸው?
የተጨነቀችው እህትዎ»

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማርልን። ሙት ዓመት ሲቃረብ ሐዘን እንደ አዲስ ይቀሰቀሳል፤ ያለ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ከሐዘን ሌላም ነገር አለ። ስለዚህ ቻክራው (በህንድ የዮጋ ትምህርት ሰውነት ውስጥ አሉ የሚባሉት የረቂቅ ኃይል ማዕከሎች) ትንሽ ይቆየንና ሁለት አስቸኳይ ነገር ላስቀድም።

መጀመሪያ ያንን ውሃ ድፊው። ዛሬውኑ። ለልብ ቻክራ እየተባሉ ከሚሸጡት አረንጓዴ ድንጋዮች መካከል ማላካይት የሚባል አለ። መዳብ ያለበት ማዕድን ነው። አሲድ ሲነካው መዳቡ ይሟሟል፤ ሎሚ እየጨመቅሽበት ከነበረማ የባሰ ነው። የአንቺ ድንጋይ ማላካይት ይሁን፣ ቀለም የተነከረ ጠጠር ይሁን፣ በዓይን አይለይም። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ደግሞ ተዘፍዝፎ አይጠጣም። አምባር ወይም ሐብል አድርገሽ ብታጌጪበት ግን ምንም አይልሽም።

ቀጥሎ ሐኪም ቤት ሂጂና ደምሽን ተመርመሪ። ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የፀጉር መነቃቀል፣ ሳይበሉ መወፈር፣ ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ ነገር። ይህን ሁሉ ለሐኪም ብትነግሪው መጀመሪያ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ የታይሮይድ ዕጢ ነው። ከማንቁርት ዝቅ ብሎ አንገታችን ላይ ያለች፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ትንሽ ዕጢ ናት። ሰውነታችን ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን ፍጥነት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ስትሰንፍ ሰው ይቀዘቅዛል፣ ይከብደዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ስትተልቅ ደግሞ እንቅርት እንላታለን። በደጋው አገራችን እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የምንበላው ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የተደረገውም ለዚሁ ነው። (ጨውሽን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፤ ወጥ ላይም መጨረሻ ላይ ጨምሪው። አዮዲን እርጥበትና ሙቀት አይወድም።)

ቤትሽ ሆነሽ አንድ ነገር ማየት ትችያለሽ። መስታወት ፊት ቁሚ። ቀና በይ። አንድ ጉንጭ ውሃ ያዢና ዋጪው። ስትውጪ ከማንቁርትሽ በታች እብጠት መሳይ ነገር ከፍ ብሎ ከወረደ ለሐኪሙ ንገሪው። ባይታይሽም ምርመራው አይቀርም፤ ዕጢዋ ሳታብጥም ልትሰንፍ ትችላለች። ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ አለ። በዚያው የደም ማነስም ካለሽ ይታይልሽ፤ ድካምና የፀጉር መነቃቀል ከሱም ይመጣል። ሁለቱም ተራ ምርመራዎች ናቸው፤ ቢገኙብሽም ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

ምንም ላይገኝብሽም ይችላል። ቃር ሲበረታ፣ ጭንቀት ሲበዛ፣ ጉሮሮ ላይ ልክ እንዲህ ያለ ስሜት ይመጣል። ሐኪሙ አይቶ «ምንም የለም» ካለሽ እሱም መልስ ነው። ግን መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ድምፅሽ ጎርንኖ ሳምንታት ከቆየ ወይም አንገትሽ ላይ እያደገ የሚሄድ እብጠት ካየሽ፣ «ነገ፣ ተነገ ወዲያ» አትበይ።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገርና ልለፈው። ዛሬ ቻክራ የሚያስተምሩ ሰዎች አብዛኞቹ የጉሮሮው ቻክራ ከታይሮይድ ዕጢ ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ሲባል የኖረ ነው። እሺ ይሁን። ታዲያ ያቺ ሴትዮ በዚህ የምታምን ከሆነ ጉሮሮሽን አይታ «ታይሮይድሽን ተመርምረሻል?» ለምን አላለችሽም? ሦስት ጊዜ 3,500 ብር ስትቀበል ይቺን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። ቻክራ እውነት አለ ወይ?

ህንድ ውስጥ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ የሚባል መነኩሴ ነበር። ኋላ በ1875 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ) አርያ ሳማጅ የተባለውን የሂንዱ ተሐድሶ እንቅስቃሴ የመሠረተው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የዮጋ መጻሕፍት ተሸክሞ በጋንጅስ ወንዝ ዳርቻ ይዞር ነበር። መጻሕፍቱ ስለ ቻክራና ሰውነት ውስጥ ስለሚያልፉ ረቂቅ መስመሮች በሰፊው ያትታሉ። እሱ ግን ልቡ አላረፈም፤ እውነት ይሆን እያለ ይጠራጠር ነበር። አንድ ቀን ወንዙ ሬሳ ይዞ መጣ። ገብቶ ጎትቶ ወደ ዳር አወጣው። በስለት ከፈተው። ልቡን አውጥቶ አየ፤ ከእምብርት እስከ ጎድን ያለውን መረመረ፤ ወደ ራሱና ወደ አንገቱም ሄደ። እያንዳንዱን መጽሐፉ ከሚለው ጋር አስተያየ። የሚገጥም ነገር አጣ። መጻሕፍቱን ቀዳደዳቸውና ከሬሳው ጋር ወንዙ ውስጥ ወረወራቸው። ይህን ራሱ ነው በሕይወት ታሪኩ የተረከው።

እንግዲህ ፈረንጅ ወይም የእኛ ሐኪም ከመናገሩ በፊት አንድ የሂንዱ መነኩሴ መልሱን በስለት ፈልጎ አግኝቶታል። ቻክራ የሰውነት ክፍል አይደለም። ነርቭ አይደለም፤ ዕጢ አይደለም። የሚዘጋ፣ የሚያፈስ፣ የሚዝግ ነገር የለውም። በራጅም በኤምአርአይም አይታይም።

ዳያናንዳን ባደንቀውም እኔ መጻሕፍቱን ወንዝ ውስጥ አልጥላቸውም ነበር። ለምን እንደተጻፉ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው።

ዛሬ በየስልካችን የምናየው የቻክራ ሥዕል በአብዛኛው የሚመዘዘው ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል ሊቅ በ1577 ከጻፈው የሳንስክሪት ግጥም ነው። ግጥሙ ስድስት ቻክራዎችን ከመቀመጫ እስከ ቅንድብ መሃል በጀርባ አጥንት መስመር ይደረድራል። ሰባተኛው አናት ላይ ያለው ባለ ሺህ ቅጠል የሎተስ አበባ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቅጠሎች፣ ቅርጽ፣ ፊደል፣ እንስሳ፣ አማልክት አሉት። ከታች ያለው ሙላዳራ አራት ቅጠል፣ ውስጡ ቢጫ አራት ማዕዘን፣ ዝሆን። የእምብርቱ አሥር ቅጠል፣ ቀለሙ ዝናብ ያዘለ ደመና። የጉሮሮው ቪሹዳ 16 ቅጠል፣ የጢስ ሐምራዊ። የሂሳብ ሰው ነሽና የስድስቱን ቅጠሎች ደምሪልኝ፦ አራት፣ ስድስት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ ሁለት። ሃምሳ። የሳንስክሪት ፊደላትም በዚያ ወግ ሃምሳ ተደርገው ነው የሚቆጠሩት፤ በየቅጠሉ አንድ አንድ ፊደል ተጽፏል። ይህን የመሰለ ድርሰት ሬሳ ውስጥ የሚፈለግ አይደለም። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ እንዲስለው የተሰናዳ የተመስጦ ሥዕል ነው።

ቁጥሩም ቢሆን አንድ ሆኖ አያውቅም። ሄቫጅራ የሚባለው የቡድሂስቶች ታንትራ (የምስጢራዊ ሥርዓት መጽሐፍ) አራት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌሎች ስድስት ይላሉ፤ ከዚያ የሚበዛም አለ። ኩላሊት በአንዱ መጽሐፍ ሁለት፣ በሌላው አምስት አይሆንም።

ዓላማውም ሌላ ነበር። ከታችኛው ቻክራ ተጠቅልላ የተኛች ኩንዳሊኒ የምትባል ኃይል አለች ብለው ያምናሉ። ተማሪው ከጉሩው፣ ከመንፈሳዊ መምህሩ፣ ትምህርት ተቀብሎ፣ ዓመታት ተቀምጦ፣ ያቺን ኃይል እየቀሰቀሰ በየቻክራው አሳልፎ እስከ አናቱ ያደርሳል። መጨረሻው ከዳግም ውልደት ነፃ መውጣት ነው። ከአለቃዬ ጋር መነጋገር ስላቃተኝ የጉሮሮ ቻክራዬ ተዘግቷል የሚል ሐሳብ እዚያ ግጥም ውስጥ አታገኚም። «ሚዛን መጠበቅ» የሚባለውም ከዚያ የመጣ አይደለም።

ታዲያ ከየት መጣ? በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊ ጆን ውድሮፍ ግጥሙን ተርጉሞ በ1919 አሳተመው። በ1927 ቴዎሶፊስቱ (የምስጢራዊ ትምህርት ማኅበር አባሉ) ቻርልስ ሊድቢተር አየሁ ያለውን ሁሉ ጨማምሮ የራሱን መጽሐፍ አወጣ። በ1932 የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ዙሪክ ላይ ስለ ኩንዳሊኒ ተከታታይ ንግግር አደረገና ነገሩን ወደ ሥነ ልቦና ሳበው። በ1970ዎቹ ደግሞ ካሊፎርኒያ ደረሰ፤ ሰባቱ የቀስተ ደመና ቀለማትም በተራ የታደሉት በዚያ ዘመን ነው። በፑርናናንዳ ዘንድ የልብ ቻክራ ቀይ እንጂ አረንጓዴ አልነበረም። ያ «ጥንታዊ» ተብሎ የተሸጠልሽ የድንጋዮችሽ የቀለም ተራ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

ድንጋዩ በክር ተንጠልጥሎ ጉሮሮሽ ላይ መዞሩስ? እሱን ራስሽ ሞክሪው። ቀለበትሽን በአንድ ክንድ ርዝመት ክር እሰሪው። ክርንሽን ጠረጴዛ ላይ አስደግፊና በሁለት ጣት ያዢው። እጅሽን አታንቀሳቅሺ። ዝም ብለሽ ቀለበቱን እያየሽ «በክብ ዙር» ብለሽ አስቢ። ትንሽ ቆይቶ መዞር ይጀምራል። «አሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ» በይ፤ ይለወጣል። እጅሽ ሳይታወቅሽ በጥቂቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በ1833 ይህንኑ ሞክሮ ጽፎበታል። ዓይኑን ሲሸፍን መዋዠቁ እንደሚቆም ያየውም እሱ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ሆን ብላ አታላሻለች አልልም። ድንጋዩ ሲዞር አይታ ራሷም አምና ሊሆን ይችላል። ግን ያነበበችው ጉሮሮሽን አይደለም፤ ራሷ የጠበቀችውን ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ «ዮጋው ደስ አለኝ» ያልሽውን አልረሳሁም። እዚህ ላይ እውነት አለ፤ እሱን እንዳትጥዪው።

በ2001 በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የጣልያን ጥናት ነበር። ሉቺያኖ ቤርናርዲ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ 23 ጤነኛ ሰዎችን ሰብስበው አንዴ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ አንዴ የዮጋ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል) እንዲደግሙ አደረጓቸው። በሁለቱም ጊዜ የሰዎቹ ትንፋሽ ቀዝቅዞ በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ወረደ። የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው እርስ በርስ የሚናበቡበት ሥርዓት የተሻለ ሆነ። ጸሎቱም ማንትራውም ሰውነት ላይ ያደረጉት አንድ ዓይነት ነገር ነበር። ጥናቱ የእኛን መቁጠሪያ አልለካም። ግን አርባ አንዱን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ረጋ ብሎ ያደረሰ ሰው የምን ዓይነት መረጋጋት እንደማወራ ይገባዋል።

እንግዲህ «ሚዛን» ካልሽኝ እኔ የማውቀው ይሄን ነው። ሰባቱን ቦታዎች እንደ ታክሲ ፌርማታ ያዢያቸው። ሐሳብሽ ከታች ተነስቶ እየቆመ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እግረ መንገዱን ሰውነትሽ ምን ላይ እንዳለ ያያል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ጫማሽን አውልቂ፤ እግርሽ መሬት ይንካ። ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሁን። በአፍንጫሽ እስከ አምስት እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ አምስት እየቆጠርሽ አስወጪ። ይህ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ መሆኑ ነው። ካስጨነቀሽ ሦስትና አራት ይሁን። አየር አምቀሽ አትያዢ።

መጀመሪያ መቀመጫሽና እግርሽ። ወንበሩ ተሸክሞሻል ወይስ አንቺ ራስሽን አንጠልጥለሽ ነው የተቀመጥሽው? ጭንሽን ላላ አድርጊው። ቀጥሎ ከእምብርት በታች። ሴቶች ሆዳችንን ወደ ውስጥ ስበን መዋል ልማድ ሆኖብናል፤ ልቀቂው፣ ማንም አያይሽም። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና ትንፋሹ እጅሽን ይግፋው። ከጎድን በታች ያለው ቦታ ደግሞ ጭንቀት የሚቋጠርበት ነው። እዚያ ስትደርሺ የወር መዝጊያው ሂሳብ፣ የቤት ኪራዩ፣ ያልተመለሰ ስልክ ሁሉ ትዝ ይልሻል። ይበልሽ፤ አትከራከሪው። አምስት ትንፋሽ ያህል ብቻ ቆይተሽ እለፊ።

ልብሽና ጉሮሮሽ ላይ ግን አትቸኩዪ። ሴትዮዋ ሌላውን ብትስትም ሁለቱን ቦታ ጠርታብሻለች፤ ያዘነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው እዚያ ስለሆነ ማንም ይገምተዋል። ለቅሶው ላይ በወጉ አላለቀስኩም ብለሻል። አውቀዋለሁ። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛ ይመጣል፣ ንፍሮ አልቋል፣ ቡና ይፈላ፣ የክፍለ ሀገር ዘመድ የት ይተኛ። ሁሉም «አንቺ ጠንካራ ነሽ» ይልሻል። ጠንካራ የተባለች ሴት ሳጓን ውጣ እንግዳ ትሸኛለች። ያ ሳግ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ እጅሽ ደረትሽ ላይ ሆኖ እናትሽን አስቢያት። ሙሉ ሕይወቷን አይደለም፤ አንድ ነገሯን። ነጠላዋን ስታጣፋ፣ ስልክ ላይ «አቤት» ስትል፣ የተቆጣችሽን ቀን። እንባ ከመጣ ይምጣ። ከዚያ ጉሮሮሽ ጋ ስትደርሺ አፍሽን ዘግተሽ «እምም» እያልሽ አስወጪ፤ ንዝረቱ አንገትሽ ላይ ይሰማሻል። ማንትራ ማድረግ የለብሽም፤ እናትሽ ታንጎራጉር የነበረው ዜማም ይሆናል። ያልነገርሻት ነገር ካለ ጮክ ብለሽ ንገሪያት። ብቻሽን ከከበደሽ እህት ወይም የልብ ጓደኛ ጥሪ፤ ቡና አፍልታችሁ ስለ እሷ አውሩ። ለሙት ዓመቱም ድግሱን ሌላ ሰው ይያዘው፤ አንቺ ተቀምጠሽ አልቅሺ።

ቅንድብና አናት ላይ ብዙ አትቆዪ። ግንባርሽን ከተኮሳተረበት አፍቺው፤ በቃ።

አሥር ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ ባይሆን በሳምንት ጥቂት ቀን። ሆድን እየመቱ ቶሎ ቶሎ የሚተነፈሰውን ዓይነት ግን እርጉዝ ከሆንሽ፣ ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብሽ አትሞክሪው። ለሰዓታት ተቀምጦ «ኩንዳሊኒ መቀስቀስ» የሚባለውንም ተዪው። አብዝተው የገፉበት አንዳንድ ሰዎች እንቅልፍ አጥተዋል፣ የሌለ ነገር ታይቷቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ወዲያው አቁመሽ ሐኪም አማክሪ። ሐዘኑ ደግሞ ሥራ መሥራትና መብላት ካስተወሽ፣ መኖር ካስጠላሽ፣ ለብቻሽ አትያዢው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ መሄድ እንደ ቲኤስኤች ምርመራው ሁሉ ሕክምና ነው።

የንስሐ አባትሽን ምን ትያቸው? የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው። «ይሄ ሃይማኖት የለበትም፣ ኢነርጂ ብቻ ነው» የሚል ሰው ቢገጥምሽ አትቀበዪው። በፑርናናንዳ ግጥም የሂንዱ አማልክት ተቀምጠዋል፦ የመጀመሪያው ቻክራ ላይ ብራህማ፣ ሁለተኛው ላይ ቪሽኑ፣ ሦስተኛው ላይ ሩድራ። «ላም»፣ «ቫም»፣ «ራም» እየተባሉ የሚዜሙት ድምፆችም ለባለቤቶቹ ቅዱስ ናቸው። ህንዶች በአክብሮት የያዙትን ነገር እኛ ቀለም ቀብተን «ኢነርጂ» ስንለው ደስ አይለኝም። ወገብን ማፍታታትና ረጋ ብሎ መተንፈስ ግን የማንም ሃይማኖት ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ። አባትሽ ሊከለክሉሽም ሊፈቅዱልሽም ይችላሉ፤ በእሳቸው ቦታ ሆኜ አልመልስልሽም። ዮጋውን ተዪው ቢሉሽም የጠቀመሽ ነገር አይቀርብሽም። መቁጠሪያሽን ይዘሽ፣ ትንፋሽሽን አዘግይተሽ፣ የምታውቂውን ጸሎት አድርሺ።

የቀረው የሴትዮዋ ጉዳይ ነው። «ግማሽ ተከፍቶ ከቀረ ይጎዳሻል» ያለችሽ ነገር እኔን ከድንጋዩ በላይ አሳስቦኛል። ይህን የሚል ሰው ሐኪምም ቢሆን፣ ጠንቋይም ቢሆን፣ ሂለርም ቢሆን ቀሪውን ገንዘብሽን ነው የሚጠብቀው። ለማቋረጥ ስትወስኚ ለጥቂት ቀናት ልብሽ ሊመታ፣ ጉሮሮሽ ሊጠብቅ ይችላል። ያኔ «ይኸው፣ ያለችው ደረሰ» እንዳትዪ። ፍርሃት የሚያደርገው እሱን ነው። ያስፈራራሽ ሰው ሲርቅ ይበርዳል።

መልእክቱን አጭር አድርጊው፦ «ሰላም። እስካሁን ስላደረግሽልኝ አመሰግናለሁ። ቀሪዎቹን አራት ቀጠሮዎች አልመጣም።» በቃ። ምክንያት አትጨምሪ፤ ምክንያት ከሰጠሽ ክርክር ይመጣል። ብትመልስልሽም አትመልሺላት። የከፈልሽውን ለማስመለስ መጣላት ይሻላል ወይ ካልሽኝ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን አሁን ባለሽበት ድካም አልመክርሽም። የቀረው 14,000 ብር ኪስሽ ውስጥ ነው፤ ምርመራውን ከዚያ ላይ ክፈዪ። ቲኤስኤች በባዶ ሆድ መሆን አይፈልግም፤ ሰኞ ጠዋት ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ።